አውሎን ማን ያበላዋል?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዴን በመጻፍ ላይ ነኝ። ታሪኩ የሚፈጸመው በረዶ በማይለያቸው ተራሮች መካከል በሚገኝ ምናባዊ መንግሥት ውስጥ ሲሆን፣ ሕዝቡ የሚጓዘውም የሚዘምተውም «አውሎ» በሚባል ፈረስ መሰል ፍጡር ነው። አውሎ የፈረስን እጥፍ ይመዝናል፤ ክንፍ አለው፤ ግንባሩ ላይ ያለው ቀንድ በሌሊት ያበራል። ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬ ግን «ይህ እንስሳህ መኪና ነው፤ ጀግናው ሲፈልግ ይነሣል፣ ሲፈልግ ይቆማል፣ ነዳጅ እንኳ አይጠይቅም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አመጋገቡን፣ ሕመሙንና አወላለዱን እንዴት ላስገባ? ሥጋ በል ባደርገውስ ያስኬዳል? ልብ ወለዱ የእንስሳት ሕክምና መማሪያ እንዳይሆንብኝም እፈራለሁ። ሦስት ምዕራፎች ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ።
— ጀማሪ ደራሲ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ጓደኛዎ ትልቅ ውለታ ውላልዎታለች። የላኩልኝን ሦስት ምዕራፎች በጥሞና አነበብኳቸው፤ የተራሮቹ ብርድ አጥንት ድረስ ይሰማል፣ የመሳፍንቱ ሽኩቻ ልብ ይሰቅላል፣ የአሥራ አራት ዓመቷ የጋጣ ሠራተኛ ዜማም በቀላሉ የምትረሳ ልጅ አይደለችም። አውሎ ግን በእነዚህ ሁሉ ገጾች ውስጥ የሚታየው ሰው ጀርባው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ጀግናዎ ከወረደ በኋላ የት እንደሚያድር፣ ውኃ ማን እንደሚያጠጣው፣ ሲነጋ ፋንድያውን ማን እንደሚጠርግ አይነገረንም። ምንም የማያስፈልገው ፍጡር የሚያጣውም ስለሌለ አንባቢ አይሰጋለትም። በእኔ እምነት የምናብ እንስሳ ነፍስ የሚዘራው አንድ ሰው ለእርሱ ሲል በየቀኑ በሚከፍለው ድካም ነው። ስለዚህ ከሆዱ እንጀምር፤ ምን እንደሚበላ ከተወሰነ ማደሪያው፣ ሕመሙ፣ የጠባቂው ውሎ፣ የንጉሡ የጦር ዕቅድ እንኳ ተከትሎ ይመጣል።

ፈረስ ሣር በል ቢሆንም እንደ በሬ አያመሰኳም። ጨጓራው ለግዙፍ አካሉ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ይይዛል፤ የሣሩ ቃጫ የሚብላላውም ከጨጓራ አልፎ፣ በትልቁ አንጀት ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ነው። የጨጓራው አሲድ ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ሲመነጭ፣ አሲዱን የሚያረግበው ምራቅ ግን የሚመነጨው እንስሳው በሚያኝክበት ጊዜ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በሜዳ የተለቀቀ ፈረስ በቀን ውስጥ 16 ሰዓት ያህል ሣር ሲግጥ ያሳልፋል፤ ለረጅም ሰዓት ባዶ ሆዱን የሚያቆሙት ፈረስ ደግሞ ጨጓራው ይቆስላል። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን 10 ኪሎ ግራም ገደማ ድርቆሽ ይበላል፣ ከ20 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይጠጣል፣ ወደ 20 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ፋንድያ ይጥላል። እነዚህን ቁጥሮች ይዘው የዜማን ቀን እንደገና ያስቡት። በረቂቁ ውስጥ ልጅቱ ጋጣው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስለ በረራ ታልማለች፤ እጆቿ ግን ሥራ ፈትተዋል። በእርስዎ ተራሮች ላይ ውኃው በየሌሊቱ ስለሚረጋ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የገንዳውን በረዶ መስበር ይኖርባታል። ፈረስ ውኃው እጅግ ሲቀዘቅዝ አጠጣጡን ይቀንሳል፤ በቂ ውኃ ሳይጠጣ ደረቅ ድርቆሽ የሚበላ ከሆነም ሆዱ ውስጥ ያለው መኖ ደርቆ አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። ልጅቱ ይህን የምታውቅ ከሆነ፣ በሚያቃጥል ብርድ ውስጥ ሙቅ ውኃ በባልዲ እየተሸከመች ስትመላለስ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ አንድ ቀን ታማ የቀረች ዕለት የሚሆነው ያስረዳል።

ድርቆሹ ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። በቤተ መንግሥቱ ጋጣ 40 አውሎዎች እንዳሉ ጽፈዋል። አውሎ የፈረስን እጥፍ የሚመዝን ቢሆንም ትልልቅ እንስሳት ከክብደታቸው አንጻር ጥቂት ቀነስ ያለ መኖ ስለሚበቃቸው፣ ለእያንዳንዱ በቀን 16 ኪሎ ግራም ድርቆሽ እንመድብ። ክረምቱ አምስት ወር ከቆየ 960 ኩንታል ድርቆሽ በበጋ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ከዝናብ ተጠብቆ መከመር አለበት ማለት ነው። ሣር በማይበቅልበት ከፍታ ላይ ይህን ሁሉ ማን ያጭዳል? ከየትኛው ሸለቆ ይመጣል? የሸለቆው ገበሬዎች ስለ አውሎዎቹ ምን ይሰማቸዋል? ጠላት አንድም ወታደር ሳይገድል ክምሩን ቢያቃጥልስ? እርስዎ በሁለተኛው ምዕራፍ በመሳፍንቱ መካከል የፈጠሩት ጠብ መነሻው ገና ግልጽ አልሆነልኝም፤ የግጦሽ ሸለቆውን የያዘ መስፍን ጦሩን ሁሉ በእጁ እንደያዘ ቢሆን ጠቡ ሥር ያገኛል። ደግሞም በትልቁ አንጀት ውስጥ ድርቆሽ ሲብላላ ሙቀት ይፈጠራል፤ በብርድ ሌሊት ለፈረስ ከሚደረግለት እንክብካቤ ሁሉ ድርቆሽ መጨመር አንዱና ዋነኛው ነው። ስለዚህ መኖው ማነስ ሲጀምር አውሎዎቹ ከረሃቡ አስቀድመው ብርዱ ይሰማቸዋል።

በዚያው ምዕራፍ ንጉሡ ከድል የተመለሰውን አውሎ ለማክበር አንድ ጆንያ ስንዴ እንዲቀርብለት ያዝዛል፤ አውሎውም ጠራርጎ በልቶ በማግስቱ እንደገና ይዘምታል። ትዕይንቱ ይቆይ፤ ማግስቱ ግን መለወጥ አለበት። ብዙ እህል በአንድ ጊዜ የበላ ፈረስ፣ እህሉ በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ሳያልቅ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል፤ የተሕዋስያኑ ሚዛን ይዛባል፣ አሲድ ይበዛል፣ ሰኮናውን ከውስጠኛው አጥንት ጋር አጣብቆ የያዘውም ስስ ሥጋ ይቆጣል። እንዲህ የታመመ ፈረስ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቆማል፤ ሰኮናው በእጅ ሲዳሰስ ይግላል፤ አንዲት እርምጃ ለመራመድ ይሰቀቃል። ሕመሙ ከጠና አጥንቱ ከሰኮናው ግድግዳ ይላቀቅና እንስሳው ዳግመኛ ላይጋለብ ይችላል። በጋጣው ውስጥ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የንጉሥን ስጦታ ግን ማን ደፍሮ ይመልሳል? ዜማ ጆንያውን ባየች ጊዜ ሌሊት ደብቃ ታወጣዋለች ወይስ አለቃዋን ፈርታ ዝም ትላለች? እኔ እንደ አንባቢ ከምዕራፉ ጦርነት ይልቅ ይህን ለማወቅ እጓጓለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። ፈረስ የበላውን ማስታወክ አይችልም። ሰው ወይም ውሻ የማይስማማውን ነገር አውጥቶ ይገላገላል፤ ለፈረስ ግን ወደ ውስጥ የገባ ሁሉ መውጫው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላውን እንስሳ ሆዱን አጉረምርሞት የሚያልፍ ቁርጠት እርሱን ሊገድለው ይችላል። አውሎ ይህን ድክመት ቢወርስ በመጽሐፉ ውስጥ የሚያስፈራ ሌሊት ያገኛሉ። ዜማ ለመጨረሻ ጊዜ ልትጎበኘው ስትገባ ድርቆሹ እንደቀረበ ነው፤ ጉዝጓዙ ተበታትኗል። አውሎው አንገቱን ጠምዝዞ የገዛ ሽንጡን ያያል፤ በፊት እግሩ መሬቱን ይጭራል፤ ይተኛል፣ ይነሣል፣ መልሶ ይተኛል፤ የላይኛ ከንፈሩን ወደ ላይ ይገለብጣል፤ ጋማው ሥር በላብ ርሷል። ልጅቱ ጆሮዋን ሽንጡ ላይ ትለጥፋለች። በደህናው ቀን እዚያ ውስጥ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማል፤ አሁን ጭጭ ብሏል። ጣቶቿን ከመንጋጋው አጥንት ሥር በምታልፈው የደም ሥር ላይ አሳርፋ ትቆጥራለች። የጤነኛ ፈረስ ልብ በዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ትልቅ እንስሳ ልቡ ዝግ እያለ ስለሚመታ ለአውሎ ከዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ይስጡትና ዜማ በቃሏ ትያዘው። ድዱን በአውራ ጣቷ ተጭና ትለቃለች፤ የነጣው ድድ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ መቅላት ሲገባው ይዘገያል። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድም የሕክምና ቃል አትናገር። እጇ የሚሠራውን ብቻ ይጻፉ፤ አንባቢ ነገሩ አስጊ መሆኑን ከእጇ ፍጥነት ይረዳል።

ስለ ሥጋ በልነት የጠየቁት ያስኬዳል፤ ለምናብም እንግዳ አይደለም፤ በጥንታዊው የግሪክ አፈ ታሪክ የትራኪያው ንጉሥ ዲዮሜዴስ ሰው የሚበሉ ባዝራዎች ነበሩት። ይሁን እንጂ መኖውን ብቻ ለውጠው ሌላውን እንዳለ ከተዉት ፍጡሩ የፈረስ ቆዳ የለበሰ አንበሳ ይሆንብዎታል። ፈረስ ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ስለሆኑ ከጀርባውና ከግንባሩ ፊት ካለች ጠባብ ቦታ በስተቀር ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ይህ የሚታደን እንስሳ ዓይን ነው። አዳኝ ግን ርቀት ለክቶ መዝለል ስላለበት ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ፊት ያያሉ። አዳኝ አንድ ጊዜ እስኪጠግብ በልቶ ይተኛል እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲያኝክ አይውልም፤ አንጀቱም አጭር ነው። ስለዚህ የዜማ ሥራ በድርቆሽ ፈንታ በየጥቂት ቀኑ በግ ማረድ ይሆናል፤ የጋጣው ሽታ ይለወጣል፤ የተራበ አውሎ ጋጣ ውስጥ መግባት በራሱ ድፍረት ይጠይቃል። እንደ እኔ ከሆነ ሣር በልነቱን ይጠብቁለት፤ ሦስቱም ምዕራፎች የሚያሳዩት እንስሳ በመንጋ የሚኖር፣ የሚበረግግ፣ ሰው የሚለምድ ነውና። ያም ሆኖ ልብዎ ወደ ሥጋው ካደላ፣ ዓይኑን፣ ጥርሱን፣ ውሎውንና የጠባቂዎቹን ፍርሃት አብረው ይለውጡ።

አሁን ወደ ክንፉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዛሬ በዓለማችን ከሚበርሩ አዕዋፍ እጅግ ከባዶቹ ከ20 ኪሎ ግራም ብዙም አያልፉም። ከጠፉት በራሪዎች መካከል ኬትሳልኮትለስ የተባለው ግዙፍ ፍጡር ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ክብደቱ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም እንደነበረ ይገመታል። የእርስዎ አውሎ አንድ ሺህ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በዚያ ላይ ጋላቢ ከነትጥቁ ይሸከማል። ምናብ ነውና ይብረር፤ እኔም እንዲበርር እፈልጋለሁ። ነገር ግን በረራው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚያስከፍለው ይወሰን። አንዱ መንገድ ከገደል አፋፍ ተወርውሮ በነፋስ ላይ መንሳፈፍ እንጂ ከሜዳ ላይ መነሣት እንዳይችል ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ የተራሮቹ አቀማመጥ ትርጉም ያገኛል፤ ሸለቆ ውስጥ ያረፈ አውሎ በእግሩ ሽቅብ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ሌላው መንገድ አስማት ክብደቱን እንዲያቀልለት ማድረግ ነው፤ አስማቱም ከሰውነቱ የሚወስደው ነገር ይኑር፤ ለምሳሌ ከበረራ በኋላ ጨው እየላሰ ሁለት ቀን ይተኛ።

ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጡ ክንፉ የራሱ እንክብካቤ አለው። ላባ ያረጃል፣ ይሰበራል፣ ቅማል ያፈራል፣ ይረግፋልም። ዳክዬና ዝይ የክንፋቸውን ትልልቅ ላባዎች በአንድ ጊዜ ስለሚያረግፉ አዲሱ እስኪያድግ ድረስ ለሳምንታት መብረር አይችሉም። በዓመት አንድ ጊዜ የመንግሥቱ አውሎዎች በሙሉ መሬት ላይ ቢውሉ ያ ወቅት ለንጉሡ ምን ያህል አስጨናቂ እንደሚሆን፣ ጠላትም ወራቱን ለማወቅ ምን ያህል ሰላይ እንደሚያሰማራ ይገምቱ። የጋጣዎቹ በርና ስፋት እንደ ክንፉ መጠን ይሁን፤ ክንፉን መዘርጋት ያልቻለ እንስሳ ጡንቻው ይሰልላል። በረቂቁ ውስጥ ኮርቻውን ትከሻው ላይ አስቀምጠውታል፤ ክንፉ የሚበቅለውም ከዚያው ነው፤ የጋላቢው ጉልበት የት እንደሚያርፍ አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ሥለው ይመልከቱት። በትክክል ያልተቀመጠ ኮርቻ ጀርባውን ልጦ ገጣባ ያደርገዋል፤ ገጣባ የሆነ እንስሳም ቁስሉ እስኪጠግ ድረስ ጭነት አይነካውም።

የሚያበራውን ቀንድ በተመለከተ ብዙ አልልም። የእሳት ዝንብ ብርሃን ሙቀት አልባ ነው ማለት ይቻላል፤ የአውሎም ብርሃን እንዲሁ ከሆነ በድርቆሽ መካከል ቢቆም አደጋ የለውም። የብርሃኑ መደብዘዝ የሕመም ምልክት ቢሆን ግን አልመክርም፤ ዜማ በጆሮዋና በጣቷ ለፍታ የምታውቀውን ነገር መብራቱ ለማንም ይነግርባታልና።

ጠባዩን በሚመለከት ሁለት ቦታ ላይ አልተስማማሁም። ጀግናዎ የዱር አውሎ ይይዛል፣ ዘሎ ይቀመጥበታል፣ ከሰዓት በኋላ አብረው ይጋልባሉ። መንጋ ውስጥ ለሚኖር ሣር በል እንስሳ ጀርባው ላይ የሚዘል ነገር አዳኝ አውሬ ነው፤ የሚታገለው ለሕይወቱ እንጂ ለክብሩ አይደለም። መግራት የሚጀምረው ከርቀት ነው። ሰው ይቀርባል፣ እንስሳው ጆሮውን ሲያቀና ይቆማል፣ ሲረጋጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ እንስሳውም ቀስ በቀስ ይህ ፍጡር ስጨነቅ ይተወኛል ብሎ ያምናል። ከዚያ ትከሻውን መንካት፣ ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ እግሩን ማንሣት ይመጣል። እግርን ለሰው መስጠት ለሚሸሽ እንስሳ ማምለጫውን አሳልፎ መስጠት ስለሆነ፣ አውሎው ሰኮናውን በጀግናው መዳፍ ላይ የሚያሳርፍበት ቅጽበት ከመጀመሪያው ግልቢያ የበለጠ ቦታ ይገባዋል። ሰኮናውን አንሥቶ ጫፉ በታጠፈ ብረት የተጠቀጠቀውን ጭቃ ያውጣ፤ ከጭቃው ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ትውጣ፤ እንስሳው ለምን ያነክስ እንደነበር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይወቁ። ሁለተኛው ጉዳይ ውጊያው ነው። አውሎዎቹ በራሳቸው ፈቃድ የጠላትን ጦር ሲነክሱና ሲረግጡ ያሳያሉ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንዲሉ፣ የዚህ ዓይነት እንስሳ የመጀመሪያ ሐሳብ መሸሽ ነው። ጩኸትና ደም ባለበት ቦታ መቆሙ የዓመታት ሥልጠናና በጋላቢው ላይ ያለው እምነት ውጤት ስለሆነ፣ ጋላቢው ሲወድቅ ብዙዎቹ ወደ መንጋቸው ይሮጣሉ። አንዱ ብቻ ባይሮጥ አንባቢ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ያ ጥያቄ ሊመለስለት የሚገባ ነው።

የሦስት ቀንና የሦስት ሌሊቱን ያለ ዕረፍት ግልቢያ ያስወጡት። ፈረስ በሽምጥ የሚጋልበው ለጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ በተራ ጉዞ እያረፈ በቀን 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ደህና ነው። ዛሬ በሚደረጉ ረጃጅም የፈረስ ውድድሮች 160 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን የሚሸፈን ቢሆንም፣ ለዚህ በሚገባ የሠለጠኑት ፈረሶች እንኳ በየማረፊያው እየቆሙ የልብ ምታቸው ካልረገበ መቀጠል አይፈቀድላቸውም። ስለ እንቅልፉም እንዲሁ ነው። ፈረስ የእግሮቹን መገጣጠሚያ ቆልፎ ቆሞ ማሸለብ ይችላል፤ ለጥልቁ እንቅልፍ ግን መተኛት ስላለበት፣ የሚጠብቀው ጓደኛ በሌለበት ስፍራ ሊተኛ አይደፍርም። ጀግናዎ በበረሃው ዳር እሳት አንድዶ ራሱ ሲነቃ ቢያድርና አውሎው በመጨረሻ ጎኑን ቢያሳርፍ፣ የሁለቱ ወዳጅነት በምዕራፉ ካሉት ንግግሮች ሁሉ በተሻለ ይገለጻል።

ስለ አወላለዱ የጻፉት ሐሳብ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ዜማ ብቻዋን ባዝራ የምታዋልድበት ሌሊት መጽሐፉን ሊሸከም የሚችል ትዕይንት ነው። ባዝራ 11 ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ ጋጣው ጸጥ ሲል ትወልዳለች። ሠራተኞች በቃላቸው የሚይዙት መለኪያ አለ፦ ውርንጭላው በተወለደ በአንድ ሰዓት ይቆማል፣ በሁለት ሰዓት ይጠባል፣ በሦስት ሰዓት ደግሞ የእንግዴ ልጁ ይወጣል። ከእነዚህ አንዱ ከዘገየ ችግር አለ። ውርንጭላ በሽታ የሚከላከልበትን አቅም በማኅፀን ሳለ አያገኝም፤ ከእንገሩ ነው የሚያገኘው፤ አንጀቱም ይህን ለመቀበል ክፍት የሚሆነው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠባው ወተት ያጠግበዋል እንጂ ያንን አይተካም። ለአውሎ ክንፍ ስለጨመሩ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስቡ። ውርንጭላው ክንፉ እርጥብ ሆኖ ከጎኑ ጋር ተጣብቆ ይወለዳል፤ ሊቆም ሲሞክር ክንፉ ሚዛኑን ያሳጣዋል፤ እንገሩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። እናቲቱ ክንፉን እየላሰች ስታደርቅ ዜማ መርዳትና አለመርዳት መካከል ትቆማለች፤ ቶሎ የገባ ሰው እናትና ልጅ እንዳይተዋወቁ ሊያደርግ ይችላልና።

ልብ ወለዱ መማሪያ እንዳይመስል መፍራትዎ ተገቢ ነው። የፈረስ እንክብካቤን በተመለከተ ከደረሱን ጽሑፎች እጅግ ከጥንታውያኑ አንዱ ከ3,000 ዓመታት ቀደም ብሎ በኬጢያውያን ቋንቋ በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈው የጥንታዊው የሚታኒ መንግሥት ተወላጅ የኪኩሊ መመሪያ ነው። ኪኩሊ ስለ ፈረስ ውበት አይናገርም፤ የሠረገላ ፈረሶች በዚህ ቀን ይህን ያህል ይሩጡ፣ በዚህ ሰዓት ውኃ ይጠጡ፣ ይህን ያህል መኖ ይሰጣቸው፣ ወንዝ ውስጥ ይታጠቡ፣ ልብስ ይደረብላቸው እያለ ቀን በቀን ያዝዛል። እርስዎም ለአውሎ እንዲህ ያለ የአንድ ሙሉ ቀን፣ ከዚያም የአንድ ዓመት መመሪያ በሌላ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ሰኮናው በየስንት ሳምንቱ እንደሚቆረጥ (የፈረስ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ነው) ጭምር ያስፍሩ። ያ ደብተር መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው መመሪያው የተጣሰበት ቀን ነው፦ ውኃው ያልተሞቀበት፣ ድርቆሹ የሻገተበት፣ ንጉሡ ስንዴ የላከበት፣ ዜማ የታመመችበት። ነገሮች በደህና በሚሄዱበት ጊዜ እንክብካቤውን በአንድ ሐረግ ይለፉት፤ ሰዎች እየተነጋገሩ እጃቸው ጋማ ያበጥር። ጠቢብ ሽማግሌ አስቀምጠው ስለ አውሎ ተፈጥሮ ሁለት ገጽ ያስተማሩበትን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ክፍል ያለ ርኅራኄ ይቁረጡት።

ማንኛውንም ቁስል በአንድ ጠብታ የሚፈውሰው የአስማት ዘይትም አሳስቦኛል። እርሱ ካለ የዜማ ዕውቀት ሁሉ ዋጋ የለውም። ፈጽሞ ማስቀረት ካልፈለጉ ሥጋን ይግጠም እንጂ የሆድ ሕመም አይንካ፤ ወይም ለአውሎ ሲሰጥ ለሰው የሚቀር እስኪጠፋ ድረስ ጥቂት ይሁን።

በመጨረሻም ዕድሜውን አልጻፉልኝም። ፈረስ በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። ጀግናዎ የአያቱን አውሎ እንደወረሰ ስለሚናገር የአውሎ ዕድሜ ቢያንስ ወደ 60 መድረስ አለበት፤ ከሆነም የልጅነቱ ዘመን፣ ለጭነት የሚደርስበት ዕድሜና የእርግዝናው ጊዜ አብረው ይርዘሙ፤ በሦስተኛው ምዕራፍ አንድ ዓመት ሳይሞላው የሚጋለበው ግልገልም ቢያንስ ስምንት ዓመት ይጠብቅ። የአያትየው አውሎ በዚያ ዕድሜው ጥርሱ ያለቀ ስለሚሆን ድርቆሽ ማድቀቅ አይችልም፤ መኖው ተፈጭቶ በሙቅ ውኃ ተነክሮ ይቅረብለት፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ሲያርሙም ጀግናው ከመነሣቱ በፊት ይህን ጨርሶ እስኪበላ የሚጠብቅበትን ግማሽ ሰዓት ያስገቡ።